የልጅ ጉልበት የዕዳ መያዣ አይሁን

እንደሚታወቀው በገዳሪፍና በኒው ሀልፋ አካባቢ ክረምቱ ወጣ ብሎ ሰሊጡ መድረስ ሲጀምር በካምፖች ዙሪያ የደላላ እግር ይበዛል። ሰሊጥ ጊዜ የሚሰጥ እህል አይደለም። ደርቆ አፉን ከከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ ባለ እርሻው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ሰሊጡ ሲያልቅ የዱራው ቆረጣ ይከተላል፤ በኒው ሀልፋ የመስኖ እርሻ ደግሞ የጥጥ ለቀማው አለ። ታዲያ ደላላው ወደ ካምፕ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም። ቅድሚያ ክፍያ ይዞ ነው። እጅ ያጠረው ቤተሰብም ገንዘቡን ሲያይ የመጀመሪያ ቃሉ "ተመስገን" ነው።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምንነጋገረው ስለዚያ ቅድሚያ ክፍያ ነው። አንድ ጎልማሳ በገዛ ጉልበቱ ተዋውሎ፣ ሠርቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ቢመለስ ማንም ምንም አይለውም፤ እንዲያውም ይበል እንላለን። እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። ገንዘቡን ወላጅ ተቀብሎ ሥራውን ልጅ የሚሠራበት ውል ነው። ወንዱ ልጅ ከሠራተኞች ጋር ተጭኖ ወደ እርሻው ካምቦ ይሄዳል። ሴቷ ልጅ ወደ ከተማ ለቤት ሠራተኝነት፣ ወይም ሻይ ለምታፈላ ሴት ረዳት ሆና ትሰጣለች። ለሁለቱም የሚነገራቸው አንድ ነው፤ "ለአንድ ወቅት ብቻ ነው፣ ትመለሳላችሁ" ይባላሉ። ወቅቱ አልፎ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ወንበራቸው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ግን የሚጠይቅ የለም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት ለምሳሌ ያህል አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። እናት ታመው ለመድኃኒትና ለቀለብ የሦስት ጆንያ ዱራ ዋጋ ተበደሩ እንበል። ደላላው ዕዳውን ከፍሎ የ13 ዓመቷን ልጅ ከተማ ላለ ቤት ያስረክባል። የወር ደመወዟ የግማሽ ጆንያ ዋጋ ነው ተባለ። በዚህ ሒሳብ ዕዳው በስድስት ወር ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን የመኪና ተቀነሰ፤ የደላላው ኮሚሽን ተቀነሰ፤ የልብሷና የሳሙናዋ ተቀነሰ፤ የሰበረችው ብርጭቆ ሳይቀር ተቀነሰ። ለዕዳው በየወሩ የሚገባው የሩብ ጆንያ ዋጋ ብቻ ሆነ። ስድስቱ ወር ዓመት ሞላ ማለት ነው። በመሃል አባት ቸግሯቸው ሌላ ሁለት ጆንያ ቢጨምሩ ደግሞ ስምንት ወር ተደመረ። "አንድ ወቅት" የተባለው ሃያ ወር ሆነ። ሒሳቡን የሚይዘው ማን ነው? አሠሪውና ደላላው ናቸው። ልጅቷ ደብተር አልያዘችም፤ ደብተሯን ትታ ነው የሄደችው።

ይህ ነገር በዓለም ሕግ ስም አለው። የዕዳ ባርነት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1956 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው ባርነትን የሚከለክለው ማሟያ ስምምነት በግልጽ ያስቀመጠው ጉዳይ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው የራሱን ወይም በእሱ ሥር ያለን ሰው ጉልበት መያዣ አድርጎ ሰጥቶ፣ የሥራው ዋጋ በአግባቡ ከዕዳው ካልተቀነሰ፣ ወይም የሥራው ዓይነትና የጊዜው ርዝመት ካልተወሰነ የዕዳ ባርነት ነው ይላል። ይኸው ስምምነት ወላጅም ሆነ አሳዳጊ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ጉልበቱ እንዲበዘበዝ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠቱን፣ በክፍያም ይሁን ያለ ክፍያ፣ ከባርነት ጋር የሚመሳሰል ድርጊት ብሎታል። ስለዚህ "እኛ ሸጥናት እንዴ? ሥራ ነው ያስገባናት" የሚለው መልስ አያስኬድም። ጥያቄው ሸጣችኋት ወይስ አልሸጣችኋትም አይደለም። ጥያቄው ልጅቷ ዛሬ "በቃኝ" ብላ ብትወጣ መውጣት ትችላለች ወይ ነው።

ይህን የዕዳ ነገር የሱዳን ገበሬም በደንብ ያውቀዋል። ሸይል ይሉታል። ነጋዴው በችግር ወራት ለገበሬው ገንዘብ ያበድራል፤ አዝመራው ሲደርስ ደግሞ እህሉን በርካሽ ይረከባል። ገበሬው በዓመቱ እንደገና ይበደራል። ብዙ አርሶ አደር በዚህ መንገድ ለዓመታት ከዕዳ ሳይወጣ ኖሯል። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? በሸይል የሚያዘው እህል ነው። እህል ደግሞ በዓመቱ ይበቅላል። የልጅነት ዕድሜ ግን አንዴ ከታጨደ ተመልሶ አይበቅልም።

ሌላም ማስታወስ ያለብን ታሪክ አለ። ብዙዎቻችን የተሻገርንበት የመተማና የገላባት በር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀ የንግድ በር ነበር። በዚያ ገበያ ከቡናውና ከከብቱ ጎን ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ከተሸጡትም ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች፤ በ1924 አዋጅ ወጣ፤ በ1942 ደግሞ ባርነት በሕግ ጨርሶ ተከለከለ። ያ ሁሉ የተደረገው ልጅ በዚያ በር ዋጋ ተቆርጦላት እንዳታልፍ ነው። ዛሬ ዋጋ ቆራጩ "ደላላ"፣ ዋጋው "ቅድሚያ" ተብሎ ቢጠራ እኛ ዝም ብለን ልናይ ነው?

በአገር ቤትም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። "ላኪልኝ፣ አስተምራታለሁ" ተብላ ከገጠር ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ የመጣች፣ ከዚያም ማጀት ውስጥ የቀረች ልጅ በየሰፈሩ ነበረች። ከጋሞ ደጋ ሙያ ትማራላችሁ ተብለው አዲስ አበባ የተወሰዱ ልጆች ከሽመና ጉድጓድ ሳይወጡ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሠሩ መኖራቸው በተደጋጋሚ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ይህ ችግር ካምፕ የወለደው አይደለም። ይዘነው የመጣነው ነው። ካምፕ ያደረገው ነገር ቢኖር ችግሩን ማባባስ ነው።

እንዴት አባባሰው ቢባል፣ አንደኛ፣ በሱዳን ሕግ ስደተኛ ከካምፕ ለመውጣትና ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያለ ፈቃድ የሠራ ሰው ደመወዙን ቢከለከል ፖሊስ ጋ ለመሄድ ይፈራል። ደላላው ይህን ያውቃል። ሁለተኛ፣ ልጅቷ አንዴ በደላላ እጅ ከካምፕ ከወጣች ቀጣዩን መንገድ የምትመርጠው እሷ አይደለችም። ከገዳሪፍና ከኒው ሀልፋ ወደ ሌላ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ ወይም ወደ ግብፅ በሚወስደው መንገድ ላይ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ አለ። በሸገራብ ካምፕና በከሰላ ዙሪያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ምን እንደተፈጸመ የሚያስታውሱ አሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በየካቲት 2014 ባወጣው ዘገባ ኤርትራውያን ስደተኞች በምሥራቅ ሱዳን ታፍነው ወደ ሲና በረሃ እንደተወሰዱ፣ እየተሠቃዩም ከቤተሰባቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር እንደተጠየቀባቸው ጽፏል። ከነዚህ አንዳንዶቹ ጉዞውን የጀመሩት በጉልበት ተጎትተው ሳይሆን የሚያደርሳቸውን ሰው አምነው ነው።

ሦስተኛ፣ ጦርነቱ አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም የተጀመረው ጦርነት የሱዳንን ሕዝብ ራሱን ስደተኛ አደረገው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ዩኒሴፍና ሴቭ ዘ ችልድረን 19 ሚሊዮን ያህል የሱዳን ልጆች ከትምህርት ውጭ መሆናቸውን ገልጸው ነበር። ታኅሣሥ 2023 ዋድ መደኒ ስትያዝ፣ ጥቅምት 2024 ደግሞ የምሥራቅ ጀዚራ መንደሮች ሲጠቁ ሕዝቡ ወደ ገዳሪፍና ወደ ኒው ሀልፋ ጎረፈ። ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሆኑ። የሥራ ፈላጊው ቁጥር ሲበዛ የጉልበት ዋጋ ይወርዳል፤ የጉልበት ዋጋ ሲወርድ ደግሞ ልጅን ጨምሮ ሁሉም ሰው ይሰማራል። ስለዚህ አሁን የምንናገረው ስለ ሐበሻ ልጅ ብቻ አይደለም። የጎረቤታችን የሱዳናዊው ልጅም እዚያው ጭነት መኪና ላይ ነው።

እዚህ ላይ "እናንተ ጽፋችሁ ትገባላችሁ፤ እኛ ምን እንብላ?" የሚሉን ወላጆች አሉ። ልክ ናቸው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ስፍሩ ሲያንስና በሽታ ሲገባ ሰው የማያደርገውን ያደርጋል። ልጁን የሚሰጥ አባት ሁሉ ጨካኝ ነው አንልም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ "እዚያ ቢያንስ ትበላለች" ብሎ ነው የሚሰጣት። ነገር ግን ይህ እውነት የሚያሳየን አንድ ነገር ነው። ወላጅን መስደብ ብቻውን ልጅ አያስጥልም። የሚያስጥለው ያቺን ሦስት ጆንያ ዱራ በሌላ መንገድ ማግኘት ነው።

ይህ ደግሞ ሕልም አይደለም፤ በተግባር ታይቷል። በምዕራብ ኔፓል ቆላ የታሩ ሕዝብ ድሃ ቤተሰቦች በየዓመቱ ጥር ላይ በበዓላቸው ሰሞን ሴቶች ልጆቻቸውን ለአንድ ዓመት ለሰው ቤት ያዋውሉ ነበር። ልጆቹ ካምላሪ ይባላሉ። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2000 የአዋቂዎቹን የዕዳ ገባርነት በአዋጅ ሻረ፤ የልጃገረዶቹ ግን ቀጠለ። በዚያ ጊዜ ገደማ አንድ ድርጅት መጥቶ ለወላጆች ያቀረበው ነገር ቀላል ነበር። ልጅቷን መልሱ፣ ትምህርት ቤት እንከፍልላታለን፤ እናንተም በደመወዟ ፈንታ አንድ ግልገል አሳማ ወይም ፍየል ውሰዱና አርቡ አለ። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ተመለሱ። የተመለሱት ልጆች ራሳቸው አድገው አደባባይ ወጡ፤ በ2013 መንግሥት የካምላሪን ሥርዓት መሻሩን ለማወጅ ተገደደ።

ኔፓል ሩቅ ነው የሚል ካለ አማራ ክልል እንሂድ። በሞሰቦ ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ብርሃነ ሔዋን የሚባል ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። የተያዘው ጉዳይ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነበር። ለሴቶቹ ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጠ፤ የልጃገረዶች ቡድን ተቋቋመ፤ መንደሩ ተሰብስቦ እንዲመካከር ተደረገ፤ ልጁን ሳይድር ለቆየ ቤተሰብ ደግሞ በመጨረሻ አንድ የቤት እንስሳ ተሰጠው። ውጤቱ ሲመዘን ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቀበሌ ጋር ሲነጻጸሩ የመዳር ዕድላቸው ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ፣ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አንድ የቤት እንስሳና ጥቂት ደብተር ናቸው ይህን ያደረጉት። በህንድም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 ትምህርት ቤቶች የበሰለ ምሳ እንዲሰጡ ባዘዘ ጊዜ ብዙ ድሃ ወላጆች ልጃቸውን የሚልኩበት ምክንያት አገኙ። እዚያ ትበላለች ብሎ ለሰው ቤት የሚሰጥ ወላጅ፣ ትምህርት ቤት ትበላለች ቢባል ለምን አይልካትም?

በዓለም ደረጃ የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2025 ባወጡት ግምት በ2024 138 ሚሊዮን ልጆች ለዕድሜያቸው በማይገባ ሥራ ላይ ነበሩ። ከነሱ 54 ሚሊዮኑ አደገኛ ሥራ ላይ ናቸው። ከአሥሩ ስድስቱ በእርሻ ነው የሚሠሩት። ሴቶቹ ከወንዶቹ ያነሱ መስለው የሚታዩት የቤት ውስጥ ሥራ ስለማይቆጠር ነው፤ እሱ ሲደመር ግን ሴቶቹ ይበልጣሉ። ይህ የኛን ካምፕ ይመስላል። ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ ታናናሾቿን የምታዝለው ማን ናት? ያቺው ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት ስትቀር "ሥራ ሄደች" አይባልም፤ "ቤት ናት" ይባላል። ቤት የዋለች ልጅ ደግሞ ለደላላው ቅርብ ናት። ወይ ለሥራ ትሄዳለች፣ ወይ ትዳራለች።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕግ አልጠፋም። ሱዳን በ2014 ያወጣችው የሰው ንግድ መከላከያ ሕግ በወንጀሉ ከ3 እስከ 10 ዓመት እስራት፣ ተጎጂው ሴት ወይም ሕፃን ሲሆን ደግሞ ከ5 እስከ 20 ዓመት ደንግጓል። የ2010 የሱዳን የሕፃናት ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሁሉ ሕፃን ነው ይላል። በኢትዮጵያም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅን ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደህንነቱን የሚጎዳ ሥራ ማሠራትን ይከለክላል፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሰው ንግድን በከባድ ቅጣት ያስቀጣል። ነገር ግን ሕግ ያለ ከሳሽ ወረቀት ነው። ልጅቷን የሚያውቃት እኛ ነን እንጂ ዳኛው አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በኛ በኩል የሚከተለውን እንላለን።

አንደኛ፣ በየብሎኩ ያላችሁ ሽማግሌዎች፣ ቄሶችና ሼኾች፣ ቅድሚያ ክፍያ ያለበት ውል ሁሉ በፊታችሁ ይደረግ በሉ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። የሚሠራው ማን ነው፣ ዕድሜውስ? ስንት ቀን ነው፣ መቼ ያልቃል? በየወሩ ከዕዳው ስንት ይቀነሳል፣ ደብተሩንስ ማን ይይዛል? ደላላው ለነዚህ መልስ ከሌለው ውሉ ይቅር። ሠራተኛው ልጅ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ አያስፈልግም። አይሆንም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ዕቁብና ዕድር አለን። ዕድራችን ለቀብር ይደርሳል፤ ድንኳን ይተክላል፤ ቡና ያፈላል። ልጅ በቁሟ ስትሄድ ግን ድንኳን አይተከልም። ከየወሩ መዋጮ ጥቂት ቀንሶ ለታመመና ለተራበ ቤተሰብ ያለ ወለድ የሚያበድር ሣጥን ማቋቋም ይቻላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ከላይ ያየነው የሦስት ጆንያ ዕዳ ለአንድ ቤት ተራራ ነው፤ ለሃምሳ ቤት ግን ጥቂት ጣሳ ነው።

ሦስተኛ፣ መምህራኖቻችን ስም ጥሩ። ሦስት ቀን የቀረች ልጅ ቤት ሰው ይሂድ። በሰሊጥ ሰሞን ወላጆቿን የምትረዳ ልጅ ካለች የማታ ወይም የዓርብ ትምህርት ይዘጋጅላት እንጂ ከመዝገብ አትሰረዝ። አንዴ የተሰረዘች ልጅ መመለስ ታፍራለች።

አራተኛ፣ ለረድኤት ድርጅቶችና ለስደተኞች ኮሚሽን የምንለው አለን። የሴት ልጆች መጸዳጃ ቤት ለብቻው ይሠራ፤ የወር አበባ መጠበቂያ ይቅረብ፤ ሴት መምህራን ይጨመሩ፤ በትምህርት ቤት ምግብ ይሰጥ። ስፍሩም ከደላላው ቀድሞ ይድረስ። ቀለብ በዘገየ ቁጥር የሚያተርፈው ማን እንደሆነ ከላይ አይተናል። የምስክር ወረቀቱም ነገር ይታሰብበት። "ተምራ የት ልታደርሰው?" የሚለው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ወላጅ በትምህርት አያምንም።

አምስተኛ፣ አሁንም በሰው ቤት ያሉ ልጆች አሉን። ወላጆች ቤቱን እወቁት፤ ሄዳችሁ እዩት፤ ልጃችሁን ለብቻዋ አነጋግሯት። የስደተኛነት ወረቀቷን ለማንም አታስይዙ። ስትመለስም "ምን ሆነሽ መጣሽ?" ብላችሁ በጥርጣሬ አትቀበሏት። ብዙ ልጅ ከክፉ ቤት የማትወጣው ደጁ ስለተዘጋ ብቻ አይደለም፤ የኛም ደጅ የተዘጋ ስለሚመስላት ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። ይህች ኒው ሀልፋ ራሷ የተፈናቃይ ከተማ ናት። የአስዋን ግድብ ውኃ ዋዲ ሀልፋን ሲያጥለቀልቅ እ.ኤ.አ. በ1964 50 ሺህ ያህል ኑቢያውያን አገራቸውን ጥለው እዚህ፣ ቁጥር በተሰጣቸው 25 መንደሮች፣ ሰፈሩ። እርሻቸውን የሚያጠጣው በኸሽም አል ጊርባ የተገደበው ውኃ ከተከዜ፣ ከአንገረብና ከጓንግ የሚወርድ ነው። ያ ሕዝብ መሬቱንና የአባቶቹን መቃብር በውኃ ተነጥቆ ሲመጣ ይዞት የመጣውና ማንም ያልቀማው ነገር ቢኖር ልጆቹ ናቸው። እኛም ከዚያ የተለየ ይዘን አልመጣንም። ቤቱ ቀርቷል፤ ከብቱ ቀርቷል፤ መሬቱ ቀርቷል። የቀረንን ደግሞ በሦስት ጆንያ ዱራ መያዣ አንስጥ።

ደላላው በመጣ ጊዜ ሁላችንም አንድ መልስ ይኑረን። ሠራተኛ ከፈለግህ አዋቂ አለ፤ ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት ናቸው።